ንፋስ እንዳይገባባት

ልጄ ሰላም ጎባ ከተማ የጤና ትምህርት ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሮቤ ስትመጣ መጽሐፏን ይዛ ማድ ቤት ትገባና ያጠናችውን ለእኔ ትናገራለች። "አንቺ ስለማታቋርጪኝ ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ሰው ማቋረጥ አልችልበትም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ስተው አስተማሪዬ እንኳ ድምፄን በደንብ አያውቀውም ነበር።

ባለፈው በልግ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ ድንች እየላጥኩ፣ እሷ ስለ ዕጢ ታነብልኝ ነበር። ክፉ ዕጢ ሲያድግ የደም ሥሮቹን ቀድሞ ነው የሚያድገው አለችኝ። የተነፈስነው አየር፣ እነሱ ኦክስጅን የሚሉት፣ በደም ተሳፍሮ ይመጣና ከቀጭኗ የደም ሥር ወደ ውጭ ይሰርጋል። የሚገፋው የለም፤ ከበዛበት ወዳነሰበት በራሱ ይሄዳል። መጀመሪያ ያገኘው ሕዋስ የድርሻውን ይወስዳል፤ ከኋላው ያለው ከተረፈው ይወስዳል፤ እንዲህ እያለ አንድ ሁለት የፀጉር ውፍረት ያህል ሳይርቅ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ይሞታል፤ የዕጢው መሃል ይበሰብሳል።

"ግን እማዬ፣ በሞተውና በሚኖረው መካከል አንድ ቀጭን ረድፍ አለ" አለች። "አየሩ የሚደርሰው እንጥፍጣፊ ነው፤ ቢሆንም አይሞትም። ተርቦ ይቆያል። መድኃኒቱም ጨረሩም በቀላሉ የማይገድለው እሱን ነው።"

ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። ይህን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቼው ነበር። በሌላ ቃል፣ በሌላ ሰው አፍ፣ ጎባ ሐኪም ቤት ኮሪደር ውስጥ፣ ከአባቴ ጀርባ ቆሜ።

ዘመኑ ደርግ ገበሬውን ከየተዳፋቱ እያወረደ በመንደር ያሰፈረበት ዘመን ነው። እኛም ከጎባ በላይ የነበረውን ቤታችንን ትተን ሜዳው ላይ በመስመር ከቆሙት ጎጆዎች አንዱ ደረሰን። በችኮላ የተሠራ ቤት ነበር። አባቴ ግድግዳውን በቅጡ ለመምረግ ጊዜ አላገኘም፤ ከበላያችን ካለው ከሳነቴ ደጋ የሚወርደው ንፋስ በእንጨቶቹ መካከል እየገባ ያፏጭ ነበር። ታላቅ እህቴ ዘነቡ "መንግሥት ቤት ሲሰጥ ከነዘፋኙ ነው" ትልና ትስቃለች። አባቴ ወደ በሩ ዞር ብሎ ያይና "ቀስ በይ" ይላታል።

እናታችን እኔን ወልዳ ብዙ አልቆየችም፤ ያሳደገችኝ ዘነቡ ናት። እሷ ስትኖር እኔ መናገር አያስፈልገኝም ነበር። ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ "ሙሉ ትባላለች፤ አፏን ዛሬ ቤት ረስታው መጥታ ነው" ብላ ትመልስልኛለች። ገበያ ስንሄድ ከኦሮሞኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮሞኛ እየዘለለች የምትከራከረው እሷ፣ ዕቃውን የምሸከመው እኔ። እንዲህ ተስማምተን እንኖር ነበር።

የመኸሩ ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን ግራ እግሯን ከጉልበቷ ከፍ ብሎ ያማት ጀመር። ማጭድ ይዛ ስትጎነበስ የዋለችበት ድካም መስሎን ነበር። ቆይቶ ወጌሻ መጥቶ በቅቤ አሸው፤ ባሸው ቁጥር ባሰባት። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር አንድ ቀን ልብስ ልናጥብ ወንዝ ወርደን ሳለ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ጭኗ ላይ ትልቅ ድንች የሚያህል ነገር ወጥቷል። ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ስነካው ይሞቃል።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ።

"ለማን እናገራለሁ?"

"እሱስ እውነት" አለችና እስክታስል ድረስ ሳቀች።

እግሯ አልረግጥ ሲል ግን መደበቅ አልተቻለም። አባቴ በበቅሎ እስከ መንገዱ አወረዳት፤ ከዚያ ዘር የጫነ የመንግሥት እርሻ መኪና ለምነን ጎባ ገባን። እኔ አስታማሚ ሆኜ ቀረሁ። ጎባ በዚያ ወቅት ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን አይነሳም፤ የሐኪም ቤቱ ግቢ ጥዶች ጫፋቸው አይታይም ነበር። አባቴ በየሳምንቱ ጭኮ ይዞልን ይመጣል። ገብሱን ጎረቤት ቆልታ ትፈጭለታለች፣ በቅቤ የሚያሸው ግን እሱ ራሱ ነው፤ የወንድ እጅ ስለሆነ ቅቤው ይበዛል። ዘነቡ ለክፍሉ በሽተኛ ሁሉ እያካፈለች "ብሉ፣ አባቴ ላሚቱን ከነቀንዷ ነው ያሸው" ትላቸዋለች።

ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ገና ወጣት፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር። ከእብጠቱ ላይ ጥቂት ቆርጦ ወስዶ አዲስ አበባ ላከ። መልሱ እስኪመጣ ብዙ ቆየን፤ እብጠቱም በዚያው መጠን ጨመረ። አባቴ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብሱን ገልጦ ያይና መልሶ ይሸፍነዋል። መልሱ ሲደርስ ሐኪሙ አባቴን ኮሪደር ላይ አስጠራው። ኦቦ ገመቹ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቁስል የሚያክሙ የጎባ ተወላጅ ድሬሰር አብረው ቆሙ። እኔ ከአባቴ ጀርባ ነበርኩ።

ሐኪሙ እግሯ ከላይ፣ ከዳሌዋ አጠገብ መቆረጥ አለበት አለ። ካልሆነ ወደ ደረቷ ይሄዳል።

አባቴ "እግሯን ትታችሁ እብጠቱን ብቻ ብታወጡስ?" አለ።

"እብጠቱ ልክ የለውም አባቴ። መሃሉ በስብሷል፤ አየር የሚያደርስለት ደም አልበቃውም። የበሰበሰው አያስፈራንም። የሚያስፈራን ከበሰበሰው ጎን ያለው፣ አየር አጥቶም የማይሞተው ነው። ቧጠን ብናወጣው እሱ ተደብቆ ይቀራል።"

አባቴ አማርኛ ጠንቅቆ ያውቃል። ኦቦ ገመቹ ግን ያልገባው መስሏቸው ሊያስረዱት ፈለጉ። በኦሮሞኛ "ኦቦ ቱፋ፣ ልክ ማታ እሳት እንደሚያዳፍኑት ማለት ነው" አሉት። "ከላይ ሲያዩት አመድ ነው። ጠዋት ሲጭሩት ግን ፍሙ ውስጥ አለ።"

ምሳሌው ትክክል ነበር። ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አላገኝለትም። ያን ጊዜ ክብሪት ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝ ነገር ነበርና እሳት ማዳፈን የማያውቅ ቤት ጠዋት ጠዋት ኩበት ይዞ ጎረቤት ደጅ ይቆም ነበር። የወይራ ፍሙን በአመድ አልብሶ፣ ንፋስ እንዳያገኘው ጠቅጥቆ ማሳደር የእኛ የሴቶች ሥራ ቢሆንም እናታችን ከሞተች በኋላ፣ እኛ እስክናድግ፣ አባቴ ራሱ ያዳፍን ነበር። ስለ እሳት የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

"ታዲያ የተዳፈነውን ስትገልጠው፣ ንፋስ ሲያገኘው ምን ይሆናል?" አለ።

ኦቦ ገመቹ "ይኼ እንኳ ለምሳሌ ያህል ነው…" አሉ።

"ገባኝ። ይኼ ነገር አየር ያጣ ነው አላችሁ። እናንተ ደግሞ በብረት ልትከፍቱት ነው። ትንሽ ቆርጣችሁለት እንኳ እንዴት እንደተቆጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጄን በገዛ እጄ አላነዳትም።"

በአገራችን ብረት የነካው እብጠት ይቆጣል፣ ንፋስ ከገባበትም ሰው ይጨርሳል የሚለው ነገር ድሮም ነበር። አባቴ እስከዚያ ቀን ድረስ ግማሽ በግማሽ ነበር የሚያምነው። አሁን ግን ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች ራሳቸው ያረጋገጡለት መሰለው። ሐኪሙ "ቢላው እኮ እሱን አይነካውም፤ የምንቆርጠው ከላይ…" እያለ ሲከተለው አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ ዘነቡ ወደተኛችበት ክፍል ገብቶ ነበር።

ዘነቡን አስወጥተን ቤት እንደደረስን አባቴ ጭቃ አቦካ። የገብስ ጭድና እበት ቀላቅሎ፣ በስንፍና ሳይሆን በጊዜ እጦት የተወውን ግድግዳ በሦስት ቀን ውስጥ መርጎ ጨረሰው። ቀዳዳ እንዳይቀር በጣቱ እየዳሰሰ፣ ከውስጥም ከውጭም። ጭቃውን የማቀብለው እኔ ነበርኩ። እብጠቱን በቅቤ ቀብቶ በቅጠል ሸፈነው፣ በላዩ በነጠላ ጠመጠመው፤ በሩ ቀንም እንዲዘጋ፣ ከሥሩ ጨርቅ እንዲወተፍ አዘዘ። ጎረቤቶች እያለፉ "አባት ማለት እንዲህ ነው" ይሉ ነበር። አልተሳሳቱም። ሲጠመጥምላት እንዳያማት አይቶ አይቶ ነው የሚያስረው።

ንፋሱ ማፏጨቱን ተወ። ዘነቡ በጨለማው ውስጥ ተኝታ የውጭውን ነገር እኔን ትጠይቀኝ ጀመር። ዛሬ ሳነቴ ተሸፍኗል ወይስ ይታያል? የመንግሥት እርሻው ስንዴ ቢጫ ሆኗል? እነማን አለፉ፣ ማን ምን ለበሰ? እኔ በር ላይ ቆሜ አይቼ እየገባሁ እነግራታለሁ። አንድ ቀን ስለ አንዲት የጊኒር ነጋዴ ሴት፣ በግመል ጨው ጭና ስላለፈች፣ ሳላቋርጥ ሳወራላት ቆየሁና ዝም ስል "ሙልዬ፣ ዛሬ ብዙ ተናገርሽ። ተኚ፣ ያምሻል" አለችኝ።

ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ዶክተሩ ምን አለ? አባዬ እንደነገረኝ ሳይሆን እንደሰማሽው።"

እንደሰማሁት ነገርኳት። አየሩ ከውጭ በቆዳ አይደለም የሚገባው፤ ከምትተነፍሽው ነው፣ በደምሽ ነው የሚደርሰው አልኳት።

"እንግዲያ በር መዝጋቱ ምን ያደርጋል?"

"ምንም።"

"አፍንጫዬን ይወትፈው በይዋ ታዲያ።"

ሳቅን። ስትስቅ ደረቅ ሳል ያዛት። ያን ሰሞን ያስላት ነበር፤ እኛ የጭቃው አቧራ ነው እንል ነበር። ሳሉ ሲተዋት "አንድ እግር ይበቃኛል" አለች። "ለአባዬ ንገሪው።"

"አንቺ ንገሪው።"

"እኔ ስናገር ቀልድ ነው ይላል። አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ ግን ይደነግጣል።"

አባቴ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጦ ማጭድ እየሳለ ነበር። የበልጉ ገብስ ሊታጨድ ደርሷል፤ ሽታው እስከ ጓሮው ይመጣል። ፊቱ ቆምኩ። ቀና ብሎ እስኪያየኝ ጠበቅሁ። ስንቴ ያሰብኩትን ቃል ሁሉ ረሳሁትና በአፌ የመጣው ሌላ ነገር ሆነ።

"አባዬ፣ በበጋ ሳነቴ ላይ አስታው ሲነድ እርስዎና ሰዎቹ የት ነው የምትቆርጡት?"

አስታ ከጎባ በላይ፣ ደጋው ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። በደረቅ ወር እሳት ከተነሳበት ሰው ሁሉ ገጀራ ይዞ ይወጣል። አባቴ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያልወጣበት ጊዜ የለም።

"ምን ማለትሽ ነው? ፊት ለፊቱ ነዋ። ገና ካልነደደው።"

"እሳቱን አትነኩትም?"

"እሳት ማን ይነካል። ፊቱ ያለውን መንጥረን ባዶ እናደርግበታለን። እዚያ ሲደርስ የሚበላው ያጣል።"

"ዶክተሩም ካልነደደው ነው የሚቆርጠው።" ድምፄ ለእኔ ለራሴ የሌላ ሰው መሰለኝ። "እብጠቱን አይከፍተውም። ከላይ፣ ደህናውን ነው የሚቆርጠው። ሊነግርዎት ሲከተልዎት ሰምቼዋለሁ።"

ማጭዱን ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ዘነቡ እንዳለችውም ደንግጧል። ከዚያ ተነስቶ ወደ ቤት ዞረ፤ ከበሩ ሥር ጨርቁን መዞ አወጣና በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ገፍቶ ከፈተው። ዘነቡ በብርሃኑ ዓይኗን በክንዷ ሸፈነች። "አባዬ፣ ሽማግሌ ሆነዋል እኮ። ጨለማው ደብቆዎት ነበር" አለችው።

በማግሥቱ በቅሎው ላይ አወጣናት።

ሐኪሙ ለምን ዘገያችሁ አላለም። ጀርባዋን በማዳመጫው ብዙ ቆይቶ አዳመጠ፤ ራጅ አስነሳት። ከዚያ አባቴን ወደ ግቢው፣ ወደ ጥዶቹ ሥር ወሰደው። እኔም ተከተልኩ።

"ተሻግሯል አባቴ" አለ። "ሳንባዋ ላይ ደርሷል። አሁን እግሯን ብቆርጥ ስቃይ መጨመር ነው።"

አባቴ "ተሻግሯል" የሚለውን ቃል ለብቻው ደገመው። ከዚያ "ያን ጊዜ ብሰጣችሁ ኖሮስ?" አለ።

ሐኪሙ እንደ ልማዱ መሬት መሬት እያየ "አሁን እሱን ይተዉት" አለው።

ዘነቡን ግን መልሰን አልወሰድናትም። ትንፋሽዋ እያጠረ ስለመጣ አስተኟት። ጎባ ከፍ ያለ አገር ነው፤ ደህና ሰው እንኳ ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሹ ይቆረጣል። በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድ ረጅም ብረት ከአልጋዋ አጠገብ አቆሙና አየር በቀጭን ጎማ ወደ አፍንጫዋ ለቀቁላት። ኦቦ ገመቹ ጎማውን ሲያስተካክሉላት "አየሩን በብረት አመጣችሁልኝ" አለቻቸው እየቆራረጠች። "አባዬ እንዳያይ፤ ሁለቱንም ይፈራል።" ኦቦ ገመቹ ሊስቁ ሞክረው አልሆነላቸውም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ገብሱን ጎረቤቶች አጨዱልን። አውድማ ላይ ሳለ ነው አስከሬኗን ይዘን የተመለስነው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ደርግ ወድቆ፣ ሰዉ የመንደሩን ቤት እያፈረሰ ወደየተዳፋቱ ሲመለስ እኛም ወደ ድሮው ቦታችን ወጣን። እሱ ግን አንድ ነገር አልተወውም። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር፣ ለከብት ክትባት የመጣም ቢሆን፣ ጠጋ ብሎ "በበልጉ ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ ትድን ነበር?" ይላል። ሁሉም ሽምግልናውን አይተው "የእግዜር ሥራ ነው አባቴ" ይሉታል። እሱም አመስግኖ ይመለሳል። ሌላ ሰው ሲያይ ደግሞ ይጠይቃል። እንደ ጠየቀ ሞተ።

ድንቹ ሳይላጥ ቀረ። ሰላም መጽሐፏን አጥፋ ትሰማኝ ነበር። ስለ አክስቷ ከስሟ በቀር ነግሬያት አላውቅም ነበር። ስጨርስ እንደ ተማሪ ጠየቀችኝ፤ የት ላይ ነበር፣ ሳሉ መቼ ጀመራት፣ ዕድሜዋ ስንት ነበር። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋችኝ።

"እማዬ፣ እንዲህ ያለው የአጥንት ዕጢ ገና እግር ላይ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ሳንባ ላይ ዘሩን ጥሎ ጨርሷል። በራጅም አይታይም። ያን ጊዜ ደግሞ ከመቁረጥ ሌላ የሚሰጥ ነገር እዚህ አልነበረም። በበልጉ ቢቆርጧትም ላትድን ትችል ነበር።"

"ትችል ነበር ነው ወይስ አትድንም ነበር?"

አሰበች። ልትዋሽልኝ ስትፈልግ አየኋት፤ አልዋሸችም። "ትችል ነበር" አለች።

ይህን ቃል ይዤ ሰነበትኩ። አባቴ ቢያገኘው ኖሮ አንድ ሌሊት እንኳ ደህና እንቅልፍ ይተኛበት ነበር እላለሁ። እሱ "የእግዜር ሥራ ነው" የሚል ሰው አልጎደለበትም፤ ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ወስዶ የሚመልስለት ሰው ነው የጎደለበት። ያ ሰው በእኔ ቤት ተወልዶ፣ አድጎ፣ ተምሮ እስኪመጣ እሱ አልጠበቀም።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ድሮው ቦታችን ወጣሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ እስኪወጣ ቆየሁና የአባቴ መቃብር አጠገብ ተቀመጥኩ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በሚወደው በኦሮሞኛ፣ ሰላም ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። ላትድን ትችል ነበር አልኩት።

ዘነቡ ከጎኑ ናት። ለእሷም የምነግራት ነገር ፈለግሁ፤ አጣሁ። እሷ እድናለሁ አልድንም ብላ አንድ ቀን ጠይቃን አታውቅም። የፈለገችው በሩ እንዲከፈትላት ነበር። ዕጢው ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደባት አላውቅም፤ በዚያ በተመረገ ቤት ውስጥ ሳነቴን ሳታይ የዋለቻቸውን ቀኖች ግን የወሰደባት ዕጢው አይደለም። የወሰድንባት የምንወዳት እኛ ነን።